ለጎርፍ የተነፋ የለቅሶ ጥሩምባ

ሰኞ፣ ግንቦት 11፣ ጠዋት

ለሰማይም ለምድርም ይታወቅ፦ ቀይዋ ዶሮ ዛሬ ባርኔጣዬ ውስጥ እንቁላል ጥላለች። ጫጩት እስክትፈለፍል ባርኔጣው ተወርሷል። ዐቢዩ ዜና ይኸው።

አነስተኛው ዜና፦ አገር የአደጋ ጊዜ ዕቅድ እያወጣች ነው። የእኛም ቀበሌ ተራ ደረሰ። ከቡሬ አንድ ወጣት ባለሙያ መጣ፣ ካርታ ይዞ። ጎርፍ ቢመጣ ሕዝቡ የሚሰበሰበው ታች መስኩ ላይ ነው ይላል። የእርዳታ እህሉም፣ ድንኳኑም እዚያ። ዓርብ ይፈረማል።

ደብተሬ፣ መስኩን ታውቀዋለህ። ክረምት ሲገባ ከብት እንኳ አይረግጠውም። ይኸ ልጅ ያየው በበጋ ነው፤ ደልዳላ፣ ለመኪና የሚመች። አይሆንም፣ ቤቴ ያለበት ጉብታ ይሻላል አልኩ። ካርታው ከላይ የመጣ ነው አለኝ፣ በትሕትና። ጎርፉም ከላይ ነው የሚመጣው አልኩት። ሳቀ። አልጻፈም።

ማክሰኞ፣ ከቀኑ 9 ሰ.

ልጄ ጥሩወርቅ መጣች። ቤቷ ወንዙ አፍ ላይ ነው። አምና ውኃው መደቡን አልፎ ልጆቿን ቆጥ ላይ አውጥታለች። ዘንድሮ ቢመጣ ወዴት ትሮጫለሽ አልኳት። ወደ መስኩ፣ ተጽፎ የለም ወይ አለች። ማኅተም ያለበትን ወረቀት ከእኔ አብልጣ ታምናለች!

«አባባ፣ እርስዎ ደግሞ ከመንግሥት ጋር እልህ ይጋባሉ።»

እጋባለሁ። እናቷ ከሞተች ወዲህ ሌላ የሚያገባኝ አልተገኘም።

ሐሙስ፣ አመሻሽ

ዛሬ ልምምድ ነበር። ጥሩምባ ሲነፋ ሁሉም ወደ መስኩ እንዲወርድ። የዕድሩ ጥሩምባ ነፊ ካሴ ተሳሳተ፤ የለቅሶውን ነፋ። ያውም እኔ ደጅ ቆሞ። ከቀበሌው በዕድሜ የምበልጠው ደግሞ እኔ!

አገር ነቅሎ ወደ እኔ ጉብታ። ነጠላ ተዘቅዝቆ፣ ድንኳን በትከሻ፣ ድስት በራስ፣ ውኃ በጄሪካን። የዕድሩ ዳኛ ስም ጠራ፤ አንድም የቀረ የለም። እኔ ደጄ ተቀምጬ ቆሎ እቆረጥማለሁ። ማን ሞተ ተባለ። እስካሁን ማንም አልኩ።

ጎረቤቴ እማሆይ በንዴት ጦፉ። «አንቱ! ንፍሮ ጥጄ መጥቼ አልሞቱም?»

ባለሙያው መስኩ ላይ ብቻውን፣ ሰዓቱን እያየ። የትናንቱ ዝናብ ጭቃ አንድ ጫማውን አስቀርቶበት በአንድ ባዶ እግሩ ወደ እኛ ወጣ። ድንኳኑን አየ። ሕዝቡን አየ። ካርታውን አጣጠፈ።

ጥሩወርቅ ከሁሉ ቀድማ ደርሳ ነበር፤ አንዱን አዝላ፣ አንዱን እየጎተተች። አንገቴን አቅፋ አለቀሰች። ከዚያ ወዲህ አላናገረችኝም። ይኸ ከበደኝ።

ዓርብ፣ ከሰዓት

ተፈረመ። ባለሙያው መስኩን በእስክሪብቶ ሰርዞ ጉብታዬን ጻፈ። የዕድሩንም ድንኳን። ላይኞቹ ቢመልሱትስ አለኝ። ይመልሱት። እንደገና እሞታለሁ።

አንድ ነገር፣ ደብተሬ። ካሴ አልተሳሳተም። ረቡዕ ቤቱ ሄጄ የለቅሶውን እንዲነፋ ያስማልኩት እኔ ነኝ። ለጥሩወርቅ መስከረም ሲጠባ እነግራታለሁ፣ ከነልጆቿ በደህና ክረምቱን ስትወጣ። ትቆጣኝ ያኔ።

የዋሸሁህ ይህችን ብቻ ነው። ዶሮዋ እውነት ናት።