አምስተኛው ላይ ሽፈራው

እሑድ፣ ጥቅምት 16

መቀመጥ አልቻልኩም። የታጠበውን ብርጭቆ ሁሉ መልሼ አጠብኩት።

ከቅዳሴ በኋላ የእኔና የእጮኛዬ የሄኖክ ቤተሰቦች አቃቂ አጎቴ ጋሽ በየነ ቤት ተሰብስበው ዘር ቆጠሩ። ሰባት ቤት ሳይቆጠር ጋብቻ የለም ተብሎ ነው። እኔ ለወጉ ያህል መስሎኝ ከሄኖክ ጋር እየተሳሳቅን ነበር። አምስተኛው ላይ ሲደርሱ በሁለታችንም በኩል ሽፈራው መጣ፤ የቡልጋው፣ ያው አንድ ሰው።

ጋሽ በየነ ሠርጌን ሊያድኑ ብለው፣ «በእናንተ በኩል የሽፈራው ልጅ የሚባለው የእንጀራ ልጁ ነው። እናቱ አዝላው ነው የገባችው፤ ስላሳደገው በስሙ ተጠራ። በደም አንገናኝም» አሉ።

የሄኖክ አክስት እትዬ ወርቅነሽ ብድግ አሉ። «እዚያው ቤት ነው የተወለደው! ለሠርግ ብለው አያቴን አባት ሊያሳጡት ነው?» ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ።

እውነቱን የሚያውቅ ሰው በሕይወት የለም። ሄኖክ ቱሉ ዲምቱ ድረስ ሲሸኘኝ «አይዞሽ፣ ንዴታቸው ይበርዳል» አለኝ። ንዴታቸው ምን አስጨነቀኝ! እሳቸው ልክ ከሆኑ እኮ ሄኖክ ወንድሜ ነው።

አሁን የማርያም ሥዕል ፊት ቆሜ ልጸልይ ስል የምለምነው ነገር ገባኝ። ያ የማላውቀው ሕፃን የሽፈራው ልጅ እንዳይሆን ነው። የሰውን ልጅ አባት አሳጪው ብዬ እመቤቴን እንዴት እለምናለሁ?

ለመንኳት።