የሚጮህ ቀለም

ይድረስ ለልጄ፣ ለበኩሬ።

እንዴት ሰንብተሻል? ባልሽስ ደህና ነው? ያቺ ትንሿ ድዳም የልጅ ልጄስ እንዴት ናት? ስለ እሷ የሚነገረኝን ማመን ትቻለሁ፤ ምክንያቱን ወደ ታች ታገኚዋለሽ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ምንም አልልም። ጉልበቴም ቢሆን አርባ ዓመት መሰላል ሲወጣና ሲወርድ የኖረ ነውና አልቀየመውም። እናትሽ በአካል ደህና ናት። በአካል ያልኩት አውቄ ነው።

ጽሕፈቱ የእናትሽ አለመሆኑን አይተሽ ደንግጠሽ ይሆናል። አትደንግጪ፣ የሞተ ሰው የለም። እስከ ዛሬ እኔ እየተናገርኩ እሷ ነበረች የምትጽፍልሽ። የዛሬው ግን የእሷ ጉዳይ ስለሆነ በእሷ እጅ አይሆንም። የሚጽፍልኝ እዚህ አደባባዩ ጥግ ጠረጴዛ ዘርግቶ የሚውል ደብዳቤ ጸሐፊ ነው፤ ጡረታ የወጣ የቢሮ ሰው፣ መነጽሩን በክር አንገቱ ላይ ያሰረ። ገና ሳንጀምር ‹እጅግ በጣም ለምወድሽ› ብሎ ጽፎ አነበበልኝ። እኔ እጅግ አላልኩም አልኩት። የደብዳቤ ወግ ነው አለኝ። ወጉን ለራስህ ልጅ አድርገው፣ የእኔዋ እንደምወዳት ታውቃለች፣ ከአፌ የወጣውን ብቻ ጻፍ አልኩት። እያጉረመረመ ሰረዘው።

እንግዲህ ነገሩ ይሄ ነው፦ እናትሽ ቀለም ጀምራለች።

የቤት ቀለም አይደለም፤ የዓይንና የጥፍር። በዚህ ዕድሜዋ! ኩል ቢሆን ዝም ባልኩ። ኩል ጥቁር ነው፣ ጨዋ ነው። ይሄ ግን የዓይን ቆብ ላይ የሚለቀለቅ ዱቄት ነው፤ አንዱ እንደ በቀቀን ክንፍ አረንጓዴ፣ ሌላው የአውቶቡስ ሰማያዊ። ጥፍሯ ደግሞ ብርቱካንማ። ብርቱካንማ ስልሽ ፍሬው እንዳይመስልሽ፤ መንገድ የሚቆፍሩ ሠራተኞች መኪና እንዳይገጫቸው የሚለብሱት ሰደርያ ዓይነት ነው። በሌላ ነገር ልታለል እችላለሁ፣ በቀለም ግን ማንም አያታልለኝም። ምን ነካሽ ብላት ‹አማረኝ› አለችኝ። ለሠርጋችን የተኳለችውን ከፎቶ አንሺው በፊት በመዳፏ የጠረገች ሴት፣ አሁን አማረኝ!

ከዚያ ወዲህ ዓይኔን ከእሷ ላይ አላነሳሁም። ድሮ ፊት ለፊቴ ተቀምጣ ነበር የምትሰፋው፤ አሁን ወንበሯን ወደ መስኮቱ አዙራ ጀርባዋን ትሰጠኛለች። የምናውቀው ሰው መንገድ ላይ ባርኔጣውን ሲያነሳላት ሳትመልስ ታልፋለች፤ ልቧ ሌላ ቦታ ነው ማለት ነው። ለልጅሽ ጻፊላት ስላት ጣቴን ይቆረጥመኛል ትላለች፤ ቀኑን ሙሉ አዝራር ስትተክል ግን አይቆረጥማትም። ያንቺን የመጨረሻ ደብዳቤ ሁለት ጊዜ አነበበችልኝ። መጀመሪያ ትንሿን ጉንፋን ይዟት ነበር አለች። በሳምንቱ ድገሚልኝ ብላት ጉንፋኑ የለም፣ ልጅቱ ቆማ መሄድ ጀምራለች። እኔ ፊደል ባልቆጥርም ወረቀት ልጅ እንደማያሳድግ አውቃለሁ። እናትና ልጅ ከእኔ የምትደብቁት ምንድን ነው?

ይሄ ብቻ ቢሆን በሆዴ በያዝኩት። የአዝራር ማስቀመጫዋን ቆርቆሮ ታውቂዋለሽ፤ የብስኩቱን። እሷ ውኃ ልትቀዳ ስትወጣ ከፈትኩት። ከአዝራሩ ሥር ሁለት የጥፍር ቀለም ብልቃጥ፣ ከብልቃጦቹ ሥር ደግሞ የታጠፈ ካርቶን ወረቀት አገኘሁ። ማኅተም አለበት፣ በእስክሪብቶ የተሞላ መስመር አለበት። ማኅተም ያለበት ወረቀት ለደግ ነገር ተጽፎ አላየሁም። ከድሮው ቤት ያስወጡኝ ጊዜም፣ ከሥራ ያሰናበቱኝ ጊዜም ማኅተም ነበረበት። ይህቺ ሴት ከሳኛለች፣ ልትፈታኝ ነው አልኩ። ወስጄ በደረት ኪሴ ከተትኩት።

ለማን ላስነብበው? ለጎረቤት? ‹ሚስቱ የፈታችውን ከእኛ ሰማ› ሊሉኝ? አስራ አንድ ቀን ልቤ ላይ ይዤው ዞርኩ። እሷም ጠፍቶባት አልጋ ሥር ተንበርክካ፣ ወለሉን በመዳፏ እየዳበሰች ስትፈልግ አየኋት። ምን ጠፋሽ አልኳት። ‹አዝራር› አለች። የሌባ ዓይነ ደረቅ አልኩ በልቤ። ተቀምጬ ስትድህ አየኋት።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ ተከተልኳት። መከተል እንኳ አይባልም፤ አንድም ጊዜ ዞራ አላየችኝም። መስታወት በመስታወት የሆነው የሴቶች ሱቅ ገባች። እኔ በሩ ላይ ከቆመው ራስ የሌለው አሻንጉሊት ኋላ ቆምኩ። ሻጯ ‹ለእማማ የሚሆን› እያለች የደበዘዘ ሮዝ፣ የአመድ፣ የገላ ቀለም ትደረድርላታለች። እናትሽ ‹እነዚህ ያንሾካሽካሉ፤ የሚጮህ የለሽም? ርካሹን የሚጮህ› አለቻት። ሻጯ ሳቀች፤ ‹ለሠርግ ነው እንዴ እማማ? የሚጮኸውማ መንገድ ላይ ነው ያለው፣ እዚህ የሚያንሾካሽከው ነው ውድ› አለቻት።

የሚጮህ! ቃሉ የእኔ ነው። ቤት በምቀባበት ዘመን ግድግዳው ተሰንጥቆ ባለቤቱ ማስጠገኛ ሲያጣ፣ መቃኑን በሚጮህ ቀለም እቀባለት ነበር። የገባ ሰው ሁሉ መቃኑን ያያል፤ ስንጥቁን የሚያይ አይኖርም። እናትሽ ይሄን ከእኔ ስትሰማ ነው ያረጀችው። አሁን ሙያዬን ሰርቃ ለማን ነው የምትጮኸው?

ከዚያ ወጥታ ወደዚህ አደባባይ መጣች። እዚህ አንድ ሱቅ በደረቴ አለ፤ ሣጥኑን በማንገቻ ደረቱ ላይ አንጠልጥሎ የሚዞር፣ ጺሙን የከረከመ ጎልማሳ። ሣጥኑ ውስጥ ያለው የቀለም ዓይነት እኔ በሥራ ዘመኔ ሁሉ አልያዝኩትም። በዚያን ቀን ሕዝብ ከለለኝና ደህና አድርጌ አላየኋቸውም። ለዚህ ነው ዛሬ እዚህ ደብዳቤ ጸሐፊ ዘንድ የተቀመጥኩት። ከወንበሩ ላይ ማዶ ያለው ሰውዬ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ይኸው መጣች። ጻፍ፣ ዝም ብለህ ጻፍ። መጣች፤ አረንጓዴውን ተቀብታለች። ሰውዬው ገና ከሩቅ ሲያያት ሳቀ። እጇን ያዘ። ልጄ፣ እናትሽን በቀትር፣ በሰው ፊት፣ ሌላ ወንድ እጇን ይዟታል! ጣቶቿን አንድ በአንድ ይቀባል። እጇን ወደ ፊቷ ታስጠጋለች፣ አፍንጫዋን ሊነካ ምን ቀረው፣ ራሷን ትነቀንቃለች፣ ደግሞ ሌላ ይቀባላታል። አሁን ሳቀች። ስንት ጊዜዋ ነው እንዲህ ከሳቀች። ጸሐፊው ‹ይሄንንም ልጻፈው?› ይለኛል። ሁሉንም ጻፈው!

ሄደች። በቃ፣ ወረቀቱን አውጥቼ ለዚህ ሰውዬ እሰጠዋለሁ። እየፈታችኝ ከሆነም አንቺም እኔም እኩል እንስማው። እንዳለ ገልብጠው አልኩት።

‹የዓይን ሕክምና ክሊኒክ። የቀጠሮ ካርድ። የሁለቱም ዓይን ሞራ ለማስገፈፍ። ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት። በቀጠሮ ቀን ያልተገኘ ተራውን ያጣል።›

ድገመው አልኩት፤ ደገመው። የቱ ቅዳሜ አልኩት። ያለፈው አለኝ።

*

ልጄ፣ እስከዚህ ያለው የማክሰኞ ነው። ዛሬ ዓርብ ነው። ጸሐፊው የላይኛውን ቀደን እንደ አዲስ እንጀምር ብሎኝ ነበር። ቅደደው ካልኩ በኋላ ተው አልኩት። አንቺም አባትሽን እወቂው።

ማክሰኞ ዕለት ሱቅ በደረቴውን አስጠራሁት። እሱ ባሏ መሆኔን አያውቅም። ያቺ አረንጓዴ የተቀባችው ሴት ምንህ ናት ብዬ በዱላዬ ሣጥኑን ነካሁት። ‹የሚጮኸውን ቀለም የሚፈልጉትን እማማ ነው የሚሉት?› አለኝ። ‹ደንበኛዬ ናቸው አባባ። ቀለሙን ለይተው አያዩትም። እኔ በየጣታቸው እቀባና ይሄስ ይታይዎታል እላቸዋለሁ፤ የታያቸውን ይወስዳሉ። ሲሰፉ ጣታቸው የት እንደሚያልቅ፣ መርፌው የት እንደሚጀምር የሚያውቁት በጥፍራቸው ነው። ነጭ ጨርቅ ላይ ካልጮኸ አይታያቸውም።› የዓይኑስ ቀለም ለምኗ ነው አልኩት። ‹እሱን ጠይቄያቸው ነበር። ሰው የዓይኔን ቆብ ካየ ሞራውን አያይም፤ ባለቤቴ ያስተማረኝ ሙያ ነው አሉኝ። ባለሙያ ሰው ናቸው መሰለኝ ባለቤታቸው… እርስዎ ነዎት እንዴ?› ብሎ ፊቴን አየና ሣጥኑን ዘጋ።

አናጺው ጓደኛዬ ዓይኑ የጠፋ ጊዜ ‹ከእንግዲህማ የሰው ሸክም ነው፣ ሞት ይሻለው ነበር› ያልኩት እኔ ነኝ። ቤት ውስጥ፣ ጮክ ብዬ። እሷ አጠገቤ ጠርዝ ትጠቀልል ነበር። ይሄን ማንም አላስታወሰኝም፤ ራሴ ነኝ ያስታወስኩት።

ረቡዕ ማለዳ ክሊኒኩ ሄድኩ። ጸሐፊው አብሬህ ልሂድ ብሎኝ አልፈልግም አልኩት። በር ጠባቂው በየትኛው መስኮት እንደምሰለፍ ‹ተጽፏል እኮ አባባ› እያለ ወደ ግድግዳው ይጠቁመኛል። ሁለት ጊዜ ተሳስቼ ተሰለፍኩ። ሦስተኛው መስኮት ላይ ያለችው ነርስ ካርዱን አይታ ተቆጣች። ‹ሰው ስንት ወር የሚጠብቀውን ተራ እንዴት ያሳልፋሉ? ቀኑ እዚህ ተጽፎ አልነበረም ወይ?› አለችኝ። ከኋላዬ የተሰለፈው ሰው ይሰማል። ልጄ፣ በሥራ ዘመኔ ለሚከፍለኝም ለማሠራውም ብዬው የማላውቀውን እዚያ ተናገርኩት። ጥፋቱ የእሷ አይደለም፣ ካርዱን የወሰድኩባት እኔ ነኝ፣ እኔ ማንበብ አልችልም አልኩ። ጆሮዋ ከበዳት መሰለኝ፣ ደግሜ ጮክ አልኩ። ማንበብ አልችልም! ማንም አልሳቀም። እሷም ቁጣዋን ተወችና መዝገቡን ስታገላብጥ ቆይታ ለሰኞ ሳምንት ተራውን የተወ ሰው አለ አለችኝ። አዲሱን ቀን በቀጭኑ እንዳትጽፊው፣ ወፍራም እስክሪብቶ ካለሽ በእሱ፣ ካርዱን እስኪሞላ አልኳት። እንዳልኳት አደረገች።

ካርዱን ከብልቃጦቹ ሥር መለስኩት። ትናንት አዝራር ስትፈልግ እጇ አገኘው። ‹እዚሁ ነበር እንዴ!› አለች። ምኑ አልኳት። ‹አዝራሩ ነዋ› አለች። ከዚያ መስኮቱ ዘንድ ወስዳ ወደ ፊቷ አስጠጋችው። ብዙ ቆየች። ከዚያ ፊቷን ወደ እኔ አዞረች፤ እኔ ጫማዬን እየወለወልኩ ነበር። ‹አንተ ሰው፣ ሰኞ ሳምንት ሥራ አለህ ወይ?› አለችኝ። የጡረተኛ ሥራ ምንድን ነው አልኳት። ‹እንግዲያው አንድ ቦታ ትሸኘኛለህ› አለች። ከጠየቅሽኝ አልከለክልሽም አልኳት። ወንበሯን ከመስኮቱ አንሥታ ፊት ለፊቴ አደረገችው። መልሼ እኔው ወደ ብርሃኑ ወሰድኩት፤ የእኔንም አጠገቡ አደረግኩ።

ከድሮ ሥራዬ የተረፈ ደማቅ ቀለም ነበረኝ። የደረጃውን ጠርዝ ሁሉ ቀባሁት፣ የበሩን እጀታም ቀባሁት። ምን ሆነህ ነው ስትለኝ ቀለሙ እንዳይደርቅብኝ ነው አልኳት። እሷም አማረኝ ብላኝ የለ?

አንቺ ታውቂ ነበር አይደል? ያንን ደብዳቤሽን ዛሬ ይዤለት መጥቼ ጸሐፊው ሲያነብልኝ ጉንፋንም መራመድም የለበትም፤ ‹እማዬ ሐኪም ጋ ሄድሽ ወይ› ነው ዳር እስከ ዳር። አልቆጣሽም። ለእሷ ግን ይሄን ሁሉ እንዳትነግሪያት፤ ከተገፈፈላት በኋላ ይሄንኑ ላኪላትና ራሷ ታንብበው። ሆን ብዬ ነው ያላስቀደድኩት።

ፈጣሪ ቤትሽን ይሙላልሽ፣ ባልሽን ከክፉ ይሰውርልሽ። ያቺን ድዳም አሳድጎ አያቷ በዓይኗ የምታያት ያድርግልሽ። አንቺም እንደ እናትሽ ታጋሽ ሁኚ፤ እንደ እኔ ግን አትሁኚ። አሁን ‹እጅግ› የምትለዋን ጻፋት ብዬዋለሁ። አንድ ቦታ ብቻ፣ እዚሁ፦ እጅግ የምወድሽ።

ፊርማዬ እንደ ወትሮው አውራ ጣቴ ነው። ከጣቱ አሻራ አጠገብ የብርቱካንማ ጠብታ ብታዪ ጸሐፊው አይደለም ያቆሸሸው። ከሱቅ በደረቴው ሣጥን ውስጥ ከሁሉ የሚጮኸውን መርጬ የቀኝ እጄን አውራ ጣት ጥፍር አስቀብቼ ነው፣ ገና አልደረቀም። መንገድ ስንሻገር እናትሽ እጄን ፈልጋ እንዳታጣው ብዬ ነው። ሰው ቢስቅ ይሳቅ። አርባ ዓመት ቀለም የቀባ ሰው ጥፍሩ ላይ ቀለም ቢገኝ ምን ይገርማል?

አባትሽ