ከአንድ እጅ የበላ ቡችላ

ኅዳር 14፣ ቅዳሜ

ልብስ አጠብኩ። ግቢ ጠረግሁ። ከሰዓት ወንድሜ ተድላ ከሱቁ ስኳርና ዘይት ይዞ መጣ። እንደ ሁልጊዜው ጫማውን ሳያወልቅ መስኮቶቹን ዞሮ አየና፣ «ሁሉም አለ አይደል?» አለ። እኔ «ሁሉም» ውስጥ እቆጠር እንደሆነ አላውቅም።

እዚህ ሱሉልታ ያመጣኝ «ለጅምር ቤቴ በርና መስኮት እስኪገባ ሦስት ወር ብቻ ጠብቂልኝ» ብሎ ነው። በርና መስኮቱ ገባ። ከዚያ ሴራሚክ መጣ፣ ከዚያ ብረት... ሁለት ክረምት አለፈ። ዘበኛ አያምንም። የመጀመሪያው አሉሚኒየሙን ጭኖ ጠፋበት። እኔስ? ፋርማሲ ያስተማረኝ እሱ ነው። አስተምሮ ለቁም ነገር ያበቃ ወንድም «ጠብቂልኝ» ሲል ምን ብለው እምቢ ይሉታል?

ዛሬ ግን ደፈርኩ። ማርቲ ሰበታ ላይ መድኃኒት ቤት ከፍታለች፣ አብራት የምትሠራ ባለሙያ ትፈልጋለች። የኮሌጅ ጓደኛዬ ናት። «እስከ ሚያዝያ ልጠብቅሽ» ብላኛለች። ነገርኩት። መስኮቶቹን ደግሞ ዞረና መለሰልኝ።

«ጋሽ ካሣዬን ከአገር ቤት ላመጣ እችላለሁ። የታመኑ ሰው ናቸው። ውሻ ከሌለ ግን አልጠብቅም ብለዋል።»

«ታዲያ?»

«ውሻ አሳድጊ። ውሻው ሲደርስ ትሄጃለሽ።»

ነፃነቴ አራት እግር አለው ማለት ነው። ገና አልተወለደም ይሆናል እኮ!

ኅዳር 21፣ ቅዳሜ

ጫንጮ ሄድኩ። ተድላ «እስከ ስምንት ሰዓት ብቻ» ብሎ መኪናው ውስጥ ሆኖ ቤቱን ጠበቀልኝ።

ኦቦ ኢተፋ ገበሬ ናቸው፣ ድንች ሲያመጡልኝ ነው የማውቃቸው። ውሻቸው አምስት ወልዳለች። ሁለት ወራቸው ነው፣ ጡት ትተዋል።

«አካም ጅርታ፣ ኢንተላ ኮ! ደህና ነሽ ልጄ? ነይ፣ ጀግናውን ልምረጥልሽ።» የቡችሎቹን ማጅራት እየያዙ አንድ በአንድ አንጠለጠሉ። ያልጮኸው ጀግና ነው ይባላል። አራቱ አለቀሱ። አንዱ ጭጭ።

«ይሄ ነው ወንዱ!»

ጭጭ ያለውን ተቀብዬ አየሁት። ዓይኑ ያዣል። ከንፈሩን ገለጥ ሳደርገው ድዱ ነጭ ነው። ሆዱ ተነፍቶ የጎኑ አጥንት ይቆጠራል። ጀግና አይደለም፣ መጮኺያ አቅም ነው ያጣው።

«ኦቦ፣ ይሄ እኮ ታሟል።»

«አየሽ? ታሞም አይጮኽም!»

ሳቅን። እኔ ከሁሉም አብልጦ የጮኸውን ወሰድኩ። ድዱ ቀይ፣ አፍንጫው እርጥብ፣ ከጭራው ሥር ንጹሕ። ጣቴን ባጮህኩ ቁጥር ከወንድሞቹ መሀል እየተንከባለለ ይመጣል። ኦቦ ኢተፋ «የሴት ምርጫ» ብለው ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። ለታመመው የትል መድኃኒት እንደምልክ ቃል ገባሁ።

ዝንጉርጉር ነው። ቡሬ አልኩት። የበሬ ስም ነው... ግድ የለም፣ ያድግበታል።

ኅዳር 23

ሲያለቅስ አደረ። እኔም የመጀመሪያው ሳምንት እንዲሁ ነበርኩ። የሰማ የለም እንጂ።

ታኅሣሥ 3፣ ሐሙስ

ቡሬን በቅርጫት ይዤ የእንስሳት ክሊኒክ ሄድኩ። ዶክተር ሽመክት የትል መድኃኒት ሰጠው። የመጀመሪያውን ክትባት ወጋው። የእብድ ውሻውን ሦስት ወር ሲሞላው አምጪው አለ። «ጥሩ መርጠሻል። አሁን ሰው አላምጂው። ሕፃን፣ ሽማግሌ፣ ባለ ዣንጥላ... ሁሉንም ይይ። ከብዙ እጅ ይብላ። አሁን ያላየውን ሰው ሲያድግ ጠላት ነው የሚያደርገው።»

ማታ ለተድላ በስልክ ነገርኩት። ተቆጣ።

«ዶክተሩ ስለ ሌባ ምን ያውቃል? የታችኛውን ሰፈር ውሾች በመርዝ ሥጋ አይደል የጨረሷቸው? ከአንቺ እጅ በቀር እንዳይቀምስ። ቀን ቀን እሰሪው። ሰው አታሳይው። ጆሮውንም አስቆርጪው፣ ይከፋል።»

ለጆሮው ተሟገትኩ፣ አስጣልኩት። ለሌላው እሺ አልኩ። እውነቱን ልጻፍ፣ የሚያነበው የለ... ተድላን ፈርቼ ብቻ አይደለም። ቶሎ ከከፋ ቶሎ እሄዳለሁ ብዬ ነው።

ጥር 12

ትናንት ጥምቀት ነበር። ታቦቱ በደጃችን አለፈ። በበሩ ቀዳዳ አየሁ። እልል ያልኩት ለብቻዬ ነው። ቡሬ ገመዱ ላይ ሆኖ ጮኸ።

ዛሬ ደግሞ ያሳፈረኝ ነገር። ጎረቤቴ አዴ ተረፈች የበዓል አጥንት በአጥር ላይ ወረወሩለት። ጭራውን እየቆላ ሮጠ። «እምቢ!» ብዬ አፉን መታሁት። አጥንቱን ጣለ። አዴ ተረፈች ከአጥሩ ማዶ ቆመው አዩኝ።

«ምነው ልጄ? እኔ ሌባ ነኝ?»

ምን ልበል? እኒህ ሴት ስታመም ሾርባ ያመጡልኝ ናቸው። ውሻውን የመታሁበት እጄ እስካሁን ይከብደኛል።

የካቲት 30

አጥንት ተጥሎለት አሸተተና ቀና ብሎ እኔን አየ። አልነካውም። ጎበዝ! ...ለምን ደስ አላለኝም?

ሚያዝያ 20፣ ሰኞ

ተድላ መጥቶ ከመኪናው መውረድ አቃተው። ቡሬ ሰንሰለቱን ሊበጥስ ደረሰ። የቤቱ ጌታ በመስታወት ቀዳዳ ስኳሬን አቀበለኝ። ደስታው ደግሞ! «ይሄ ነው ውሻ!» እያለ ይስቃል።

ጋሽ ካሣዬ በሚቀጥለው ሳምንት ይመጣሉ። ለማርቲ ደውዬ ትንሽ ታገሺኝ አልኳት። «እስከ ግንቦት መጨረሻ ብቻ፣ ስንዱዬ። ከዚያ ሌላ ሰው እቀጥራለሁ፣ ሥራው ገደለኝ» አለች።

ግንቦት 4፣ ሰኞ

ሰበታ!!! ነጭ ጋወን ለበስኩ። ሙሉ ቀን ቆሜ ዋልኩ፣ እግሬ አበጠ። ከሰው ጋር ብቻ አወራሁ። አንዲት እናት የልጇን ሽሮፕ አወሳሰድ ሦስት ጊዜ ጠየቀችኝ፣ ሦስቱንም ጊዜ በደስታ ነገርኳት። አራተኛም ብትጠይቅ...

ግንቦት 6

ጋሽ ካሣዬ ደወሉ። «ልጄ፣ ይሄ ውሻሽ እህል አልቀመሰም። ሳህኑን በእንጨት እየገፋሁ አቅርቤለት ነበር፣ ዞሮም አላየው። ውሃውን ደፋው። በሩን በሩን ነው የሚያየው። ነገ ቢሞት በኔ እንዳታሳብቡ።»

ሦስት ቀን! ልሂድ ስላት ማርቲ ፊቷን አዞረች እንጂ አልከለከለችኝም።

ግንቦት 7፣ ሐሙስ

ሱሉልታ ተመልሻለሁ። ቡሬ ተነሥቶ መቆም አቅቶት ጭራውን ብቻ መሬት ላይ መታ። እንጀራ በውሃ አርሼ በእጄ ሰጠሁት። በላ። እጄን ላሰ፣ ላሰ... አለቀስኩ።

ከእኔ እጅ ብቻ ብላ ብዬ ያስተማርኩት ራሴ ነኝ። እኔ ስሄድ ከማን እጅ ሊበላ ነበር? ተድላም አላሰበውም፣ እኔም አላሰብኩትም። ሌባ ሌባ ስንል ጋሽ ካሣዬን ረሳናቸው። ሳይቸግር ጤፍ ብድር! እንድሄድበት ያሳደግኩት ውሻ አሁን ዋናው ዘበኛዬ ሆነ።

ተድላ ስነግረው ቀለል አድርጎ፣ «እንግዲህ ካንቺ ሌላ የሚያውቀው የለም። ቤቱ እስኪያልቅ ቆዪ» አለ።

«መቼ ነው የሚያልቀው?»

«እግዜር ሲል።»

ግንቦት 12

ዶክተር ሽመክት አልሳቀብኝም። ጠባዩ ይመለሳል አለ። ግን ቀስ እያለ፣ በሌላ ሰው እጅ፣ ሌላ ቦታ። «ከሚጠብቀው ግቢ ይውጣ። እዚያ እስካለ ድረስ ለሱ ሰው ሁሉ ሌባ ነው።»

ማርቲን ለመንኳት። ከመድኃኒት ቤቱ ጀርባ የታጠረ ጓሮ አላት። «ከነውሻሽ?» አለች። «ከነውሻዬ።» ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች... «ነይ፣ ግን ነካሽ ነገር ካመጣሽብኝ አንቺን ነው የማስረው።»

ግንቦት 14፣ ሐሙስ

ለተድላ በስልክ ነገርኩት። ልጻፈው፣ እንዳልረሳው።

«ጋሼ፣ እሑድ እሄዳለሁ። ቡሬንም ይዤ።»

«ቤቱስ?»

«ቤቱ ያንተ ነው።»

«ካሣዬ ያለ ውሻ አይቆዩም እኮ! ለማን ጥለሽው ነው?»

መልሴን ሳይጠብቅ የምፈራትን አመጣት። «ያስተማርኩሽ ለዚህ ነው?»

«አዎ ጋሼ። ለዚህ ነው። መድኃኒት ቤት እንድሠራ ነው ያስተማርከኝ።»

ዘጋው። ውለታውን በላሁ ማለት ነው? ሁለት ዓመት የጠበቅኩትስ ምን ይባላል? አዴ ተረፈችን ሄጄ ይቅርታ ጠየቅሁ፣ ለአጥንቱ። «እኔ እኮ ያን ቀን ለውሻው አይደለም ያዘንኩት» አሉኝ።

ግንቦት 17፣ እሑድ

አሸዋ አራግፎ ወደ ሰበታ የሚመለስ አይሱዙ አገኘሁ። የቡሬን አፍ በነጠላ ጫፍ አሰርኩ። በሩ ጋ ስንደርስ ቁጭ አለ። ስጎትተው አይሆንም። ሲጠብቀው የኖረውን በር በእግሩ አልፎ አያውቅም እኮ። ተሸክሜው ወጣሁ። እንጦጦን ስንወርድ ደረቴ ላይ ይንቀጠቀጣል። እኔም ደህና አልነበርኩም።

ግንቦት 27

አሥረኛ ቀን። እንጀራውን እኔ ይዤ፣ ማርቲ እጇን ከእጄ ሥር አድርጋ... ዛሬ እጄን ቀስ ብዬ አነሣሁ። አየኝ። እጇን አሸተተ። እንደገና አየኝ። «ብላ፣ የኔ ጌታ» አልኩት። በላ! ማርቲ ለመጮህም ፈራች።

ሰኔ 8፣ እሑድ

ጠዋት ተድላ ደወለ። ከዘጋብኝ ወዲህ የመጀመሪያው። ጋሽ ካሣዬ እንዳሉት ጥለው ሄደዋል። ሌላ ሰው አላመነም። እስኪያገኝ ራሱ እዚያ ያድራል፣ አሥራ አንድ ቀኑ። ሱቁን በስልክ ነው የሚያሠራው። ጠዋት ጠዋት ከአዴ ተረፈች ጋር በአጥር ያወራል አሉ።

ሊቆጣ መስሎኝ ተዘጋጅቼ ነበር። አልተቆጣም። ድምፁ ደክሟል።

«ስንዱ... እዚህ ቤት ማታ ማታ ቆርቆሮው ሁልጊዜ እንዲህ ይጮኻል?»

«ሁልጊዜ።»

«እንቅልፍ የለም እኮ። ሰው የለ፣ መሄጃ የለ...» ተወው። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ «ምን ያህል ጊዜ ቆየሽ እዚህ?» አለኝ።

ወንድሜ አያውቀውም ነበር።

«ሁለት ዓመት ከሦስት ወር» አልኩት።