መጋጠሚያው ላይ ያለው ቤት

ታኅሣሥ 20፣ ሰኞ፣ ጠዋት 3፡00

«የጠየቁት፣ ፕሮሰሰሩም ፈጣን ሜሞሪውም አራት ጊጋ የሆነ ኮምፒዩተር በተያዘው በጀት ስላልተገኘ፣ ከሁለቱ ፍጥነቱ ለሥራዎ እንደሚበጅ ኮሚቴው አምኖበት ባለ አንድ ጊጋው ተገዝቶልዎታል። ተረክበው ሥራዎን እንዲያፋጥኑ እናሳስባለን።»

ቃል በቃል ገለበጥሁልህ፣ ደብተሬ። ማኅተም አለው። የግዥ ኮሚቴው ሰብሳቢ የአቶ ታምሩ ፊርማ አለው። ሥራውን የሚያውቅ ሰው አስተያየት ብቻ የለውም። ከዩኒቨርሲቲ ከወጣሁ ጀምሮ አፈርና ጎርፍ ሳጠና የኖርሁት እኔ፤ ለሥራው የሚበጀውን ያወቀው እሱ። «እናሳስባለን»!

ተረከብሁ። ምን ላድርግ። ካርቶኑ ገና ጠረጴዛዬ ሥር ነው።

ታኅሣሥ 22፣ ረቡዕ

ሞከርሁት። የቁይን ተፋሰስ የጎርፍ ካርታ ሙሉውን ልከፍት ስል ድርቅ ብሎ ቀረ። ሦስት ጊዜ። ከአራት ከፈልሁት። እያንዳንዱን ሩብ ቶሎ ቶሎ ጨረሰው፤ ፈጣን ነው፣ አልዋሽም። ግን ውኃ በሩብ በሩብ አይወርድም። ማሽኑ ከላይኛው ሩብ የመጣውን ጎርፍ ጠርዙ ላይ ያቆመዋል፤ የታችኛውን ሩብ ከባዶ ይጀምራል። ስለዚህ ሩቦቹ ከሚገናኙበት መጋጠሚያ በታች ጎርፍ የለም ይላል። ጉድ ያሰኛል!

ካርታው ደግሞ ለግድግዳ ጌጥ አይደለም። ከጥምቀት በኋላ፣ ጥር 14፣ ሕዝቡ ለእርከን ሥራ ሲወጣ የጎርፍ መቀልበሻው ቦይ የሚቆፈረው በዚህ ካርታ ነው።

9፡00። አቶ ታምሩ ቢሮ። በገበሬ ቋንቋ አስረዳሁት። ፕሮሰሰሩ በሬ ነው፣ ሜሞሪው አውድማ። አውድማው ነዶውን ካልያዘ በሬው ቢሮጥ ምን ይወቃል? ታዲያ ጎበዝ በሬ ገዝተንልሃል፣ አመስግን እንጂ አለኝ። ቢሮው በሙሉ ሳቀ። እሺ፣ ሜሞሪ ይጨመርበት፣ ቦታ አለው አልሁ። ሻጩ ኮምፒዩተሩ ላይ የለጠፈው ማሸጊያ ከተከፈተ ዋስትናው ይሰረዛል፤ አይሆንም አለኝ። በሩን ደርግሜ ወጣሁ። ደረጃው ላይ ስደርስ አፈርሁ። ትንሽ።

ታኅሣሥ 25፣ ቅዳሜ

ቢሮ ብቻዬን። አያ ደምሌ ገበያ መጥተው ጎራ አሉ። ከቁይ ወዲያ ተዳፋቱ ላይ የሚኖሩ ገበሬ ናቸው፤ አምና መሬቱን ስለካ የገመዱን ሌላ ጫፍ የያዙልኝ እሳቸው። ቤታቸውን በማሽኑ አሳየኋቸው። በባሕር ዛፉ ወዲያው አወቁት። ግማሹ ቤት በላይኛው ሩብ፣ ግማሹ በታችኛው። መጋጠሚያው መሐሉን ሰንጥቆት ያልፋል።

«አንተ ወንድሜ፣ ቤቴን ለሁለት ከፈልኸው እኮ! ሚስቴ በየትኛው በኩል ቀረች?»

ሳቅን። ከዚያ ጎርፉ የት ላይ እንደቆመ በጣቴ አሳየሁ። ከቤታቸው ጣሪያ ላይ። የእሳቸው ሳቅ ቆመ። ነሐሴ ላይ የጓሯቸውን አጥርና የታሰረች ጥጃ ወስዶባቸዋል። እዚያ መቆም እንዳለበት ለጎርፉ የነገረው ሰው አልነበረም ወይ አሉ። ዘንድሮ ከቤቱ በላይ ቦይ ካልተቆፈረ ለክረምቱ የቀረው ቤቱ ነው። እንደ ዋዛ ተናግረው በትራቸውን አንሥተው ወጡ። እኔ ምሳ አልበላሁም።

ታኅሣሥ 27፣ ሰኞ

የኮሚቴው ጸሐፊ ወ/ሮ የሺ ኮሪደር ላይ አስቆመችኝ። ቁጡ ናት ዛሬ። በየቢሮው ኮሚቴው አልጠየቀኝም እያልሁ ማውራቴን ሰምታለች። ኅዳር ላይ አልጠየቅሁዎትም እንዴ፣ ጋሼ?

ጠይቃኛለች። ረስቼው አይደለም፤ ላንተም አልነገርሁህም። ሁለት ኮምፒዩተር በእኩል ዋጋ ቀርቦ፣ አንዱ ፈጣን፣ አንዱ ሜሞሪው ሰፊ፣ የቱን ልያዝልዎት ብላ ደረጃው ላይ ጠየቀችኝ። የመ/ቤት ጉዳይ ደረጃ ላይ አይወራም፣ በጽሑፍ ጠይቁኝ ብዬ አለፍኋት። በጽሑፍ ማንም አልጠየቀኝም። ኮሚቴው መጠየቂያ ቅጼን አወጣ። «ምክንያት» በሚለው መስመር በገዛ እጄ «ሥራው እጅግ ስለሚዘገይ» ብዬ ጽፌአለሁ። ለዘገየ ሰው ፈጣን ገዙለት።

አንድ ቃል ነበር የሚበቃው። ሜሞሪ። ደረጃ ላይ ቆሞ የሚባል።

አሁንም ተናድጃለሁ። በማን እንደሆነ ግን እንዳለፈው ሰኞ እርግጠኛ አይደለሁም።

ጥር 1፣ ዓርብ

ልደት አለፈ። ዶሮው አልጣመኝም።

ወሰንሁ። ነገ ቁይ እወርዳለሁ። ገመድና ውኃ ልክ ይዣለሁ፤ ከአያ ደምሌ ቤት በላይ ያለውን መስመር በእግሬ ለክቼ ችካል እመታለሁ። አንዱን ቤት እንዲህ አተርፋለሁ። መጋጠሚያው የሚያልፍባቸውን ሌሎቹን ግን እስከ 14 በእግር አልደርስባቸውም።

ዛሬ ወ/ሮ የሺን ደረጃው ላይ ጠብቄ ይህን ደብዳቤ እሰጣታለሁ። የምትጠይቀኝ ነገር ካለ እዚያው ቆሜ በቃል እመልሳለሁ።

«ለግዥ ኮሚቴ፣

ኅዳር ላይ በቃል ተጠይቄ አለመመለሴ ጥፋቴ ነው። ኮሚቴው አልጠየቀኝም ማለቴም እንዲሁ። ይህን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።

አሁን የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ማሸጊያው ተከፍቶ ሜሞሪ ይጨመርበት። ዋስትናው ቢሰረዝ ኃላፊነቱ የእኔ ነው። ይህ አይሆንም ከተባለ፣ ካርታው ጎርፍ የለም በሚልበት ቦታ ለሚፈርስ ቤት ኃላፊው ማን እንደሆነ፣ ሙሉ ስሙ ተጽፎ ይሰጠኝ።

መልሱን እስከ ጥር 7 ቀን፣ ሐሙስ፣ ከቀኑ 11፡00 ድረስ እጠብቃለሁ። በጽሑፍ።»