የተበሱት ዳይኖሰሮች ከመቃጠላቸው በፊት

ለተከበሩ የብስኩት ፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ፣

ጤናዎ እንደ ፋብሪካዎ በር የጠነከረ፣ ዕድሜዎም እንደ ቀጠሮዎ የረዘመ ይሁን። እኔ ሰባ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ውሃዬን ራሴ እቀዳለሁ፣ ጫማ ዛሬም እሰፋለሁ፣ ይህንንም በገዛ እጄ ጽፌዋለሁ፤ ፊደሉ ቢንጋደድም ነገሩ ቀጥ ያለ ነው።

በየፓኬቱ ዳይኖሰር ያለበት የቆርቆሮ ሜዳሊያ ከተው፣ ሃያ አራቱን ላሟላ ብስክሌት እንሸልማለን ስላሉ ቸርነትዎን አመሰግናለሁ። ባለቤቴ ብስኩቱን ጥርስ በሌለው ድድዋ እያላመጠች በሁለት ዓመት ሃያ ሦስት አደረሰች። አንገተ ረጅሙን በእህቴ፣ አፈ ሰፊውን በእኔ ስም ትጠራው ነበር። እንዳይጠፉባት እኔ በወስፌ በሳሁላት፣ እሷ ባረጀ ቀበቶዬ ላይ በቀይ ክር ሰፋቻቸው። ሃያ አራተኛውን ሳታይ ሞተች። እሱን ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ከራሷ ፓኬት አግኝታ ሰጠችኝ፤ ጨምሬ ሰፍቼ፣ የባለቤቴ ስም ከአሸናፊዎች ጋር ይጻፍላት ብዬ አመጣሁልዎ።

አንደኛ፣ «የተበሳ ተቀባይነት የለውም» የሚለው ደንብ ፓኬቱ ጀርባ ላይ አለ፤ አልክድም። ፊደሉ ለጉንዳን ዓይን የተጻፈ ስለሆነ እኔን አለፈኝ።

ሁለተኛ፣ አልቀበልም ያሉትን ቀበቶ አልመለሱልኝም። ካልረባ ለምን ያዙት? ጸሐፊዎ «አባባ፣ አንዴ የገባ ዕቃ አይወጣም፤ ምን ላድርግልዎት?» ብላ መስኮቱን ዘጋችብኝ።

ሦስተኛ፣ የተበላሸው ሁሉ በወሩ መጨረሻ እንደሚቃጠል የዕቃ ቤት ሠራተኛዎ ነግሮኛል። አራት ቀን ቀርቶታል።

አራተኛ የለኝም። ብስክሌቱን እርስዎ ይንዱት። የባለቤቴን ልብስ ሁሉ ለዘመድ ሰጥቼ ጨርሻለሁ፤ የእጇ ሥራ የቀረኝ ያ ቀበቶ ብቻ ነው። መጨረሻ ላይ እጇ ይንቀጠቀጥ ስለነበር ስፌቱ ጠማማ ነው፤ በዚያ ይለዩታል። ሰው ለምኜ አላውቅም፤ እርስዎን እለምናለሁ።

ከበርዎ ፊት ለፊት ከድንጋዩ ላይ ሆኜ መኪናዎ ሲያልፍ በየጠዋቱ ባርኔጣዬን የማነሳልዎ፣
ጫማ ሰፊው

ማስታወሻ፦ የራሴን ዕዳ ለእርስዎ አልተውም። የልብስ ሰፊዋን ጫማ ሶል እቀይርላታለሁ። ጸሐፊዎን መስኮቱ ከተዘጋ በኋላ ስለሰደብኳት ይቅርታ እጠይቃታለሁ። ደንቡን ለሚያነብ ሰው ሳላሳይ የበሳሁት እኔ መሆኔን ለባለቤቴ፣ ስንገናኝ፣ ራሴ እነግራታለሁ። ቀበቶው ከተቃጠለ ግን ማን እንዳቃጠለው እኔ አልነግራትም፤ እሱን እርስዎ ሲመጡ ይነግሯታል።