በመስታወት ቁም ሣጥን ስለተቆለፈው የልጄ የውሃ ማጣሪያ

ለክቡር የትምህርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡርነትዎ ሙሉ ጤና፣ ለቢሮዎ የማይቋረጥ ስብሰባ፣ ለስብሰባውም በቂ የታሸገ ውሃ እመኛለሁ። «በእጅ ሠርቶ መማር» የተባለውን አዲስ ሥርዓት ወደ ትምህርት ቤታችን ስላመጡልን፣ የአራተኛ ክፍል ተማሪ አባት እንደመሆኔ ምስጋናዬን በአደባባይ ለማቅረብ ደፍሬያለሁ። በምስጋናው መካከል ቅሬታ የሚመስል ነገር ቢያጋጥምዎ የአጻጻፍ ጉድለት ነው ብለው ይለፉት።

፩. የላኩልን የመማሪያ ዕቃዎች በሰላም ደርሰዋል። እንዳይሰበሩም በመስታወት ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎባቸዋል። አንድ ዕቃ ቢጎድል ተጠያቂዋ እሷ እንደሆነች ስለተነገራት፣ መምህርቷ መዶሻውን ጥቁር ሰሌዳ ላይ ትስለዋለች፤ ልጆቹም በማስመሪያ ይገለብጡታል። አልፈርድባትም። በእሷ ቦታ ብሆን እኔም እቆልፍ ነበር። ይህን ሳስብ ራሴን እፈራዋለሁ።

፪. ልጄ ግን የሥርዓቱን ስም እንዳለ አመነችው። ከተጣለ የፕላስቲክ ጠርሙስ፣ ከአሸዋ፣ ከጠጠርና ከከሰል የውሃ ማጣሪያ ሠራች። ድፍርሱ ከላይ ገብቶ ከታች ጠርቶ ሲንጠባጠብ ጎረቤት ተሰብስቦ አየ፤ አክስቷም ከዚያን ቀን ጀምሮ ኢንጂነሯ እያለች ትጠራታለች። ትምህርት ቤት ይዛው ስትሄድ ርዕሰ መምህሩ እጅግ ተደስተው፣ የንብረት ቁጥር ለጥፈውበት፣ ከሌሎቹ ዕቃዎች ጋር ቆለፉት።

፫. ከቢሮዎ እንግዶች የመጡ ዕለት ማጣሪያው ወጥቶ ፎቶ ተነሣ። ልጄም ከሩቅ ቆማ እንድታጨበጭብ ተፈቅዶላታል። ለዚህ ውለታ ቃላት ያጥሩኛል።

፬. አሸዋው በየጊዜው ካልታጠበ ይበላሻል። የነገረችኝ እሷ ናት። በጠርሙሱ ውስጥ አረንጓዴ ነገር ሲያድግ በየዕረፍቱ በመስታወቱ በኩል ታያለች። ርዕሰ መምህሩን ሄጄ ለመንኩ፤ ወንበር ጋብዘውኝ፣ የተመዘገበ ንብረት ያለ ጽሕፈት ቤቱ ፈቃድ እንደማይወጣ አስረዱኝ። ጽሕፈት ቤቱ ሄድኩ። ጸሐፊዎ በመልካም ፈገግታ፣ ልጅቷ ለመሥራቷ ማስረጃ እንዳለኝ ጠየቀችኝ። እጆቿን ላምጣልሽ ማለት አምሮኝ ነበር። አመስግኜ ወጣሁና፣ ቤት ስገባ ልጄን ምን እንደምላት እያሰብኩ የጽሕፈት ቤቱ ደረጃ ላይ ቆምኩ። አሁንም ያለሁት እዚያው ይመስለኛል።

፭. ትናንት ሌላ ጠርሙስ አጥቤ ሰጠኋት። ለአፍታ አገላበጠችውና፣ አባዬ፣ ይሄ ይቀመጥ፣ ቢሰበርስ ብላ መደርደሪያ ላይ አኖረችው። ትምህርቱ ገብቷታል ማለት ነው።

የሚቻል ከሆነ ማጣሪያዋ እንዲመለስላት፣ የማይቻል ከሆነም አለመቻሉ በማኅተም ተረጋግጦ እንዲነገረኝ እየለመንኩ፣ ለክቡርነትዎ ያለኝ አክብሮት እንደ ዕቃዎቹ ሁሉ ሳይነካ የተቀመጠ መሆኑን አረጋግጣለሁ።

ደረጃው ላይ የቆመው አባት

ማሳሰቢያ፦ ታናሽ እህቷ በመጪው ዓመት አንደኛ ክፍል ትገባለች። ያገኘችውን ሁሉ ትፈታታለች፤ የበሩ እጀታ እንኳ አልቀራትም። እጇን መሰብሰብ ከወዲሁ እኛው ብናስለምዳት ይሻል እንደሆነ፣ ምክርዎን በትሕትና እጠብቃለሁ።