በስንት ትራስ

አቃቂ፣ ሰኔ 12 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለምሳሳልሽ ልጄ ለአስቴር፤

ይህን ደብዳቤ የሚሰጥሽ፣ ለእረፍት መጥቶ ወደዚያው ትምህርቱ የሚመለሰው ቀናው ነው። ከመስጠቱ በፊት ምሳ እንዲያበላሽ አደራ ብዬዋለሁ። ካልበላሽ አሁኑኑ እጠፊውና ብዪ። እስክትጨርሺ ድረስ ከአጠገብሽ እንዳይነሳም ነግሬዋለሁ፤ ክፍል አለኝ፣ ቀጠሮ አለኝ ቢልሽ አትስሚው። በፖስታ ያልላክኩት በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው፣ የኛን ፖስታ ከኛ ቀድሞ የሚያነበው ሰው ስለበዛ ነው። ሁለተኛውን አሁን እነግርሻለሁ።

ደብዳቤ ሲጀመር "እኛ ደህና ነን" ይባላል። በመጋቢትም፣ በሚያዝያም፣ በግንቦትም እንደዚያ ብዬ ጽፌልሻለሁ። ዛሬ አልልም። እናትሽ ሞታለች፣ አስቴርዬ። የካቲት 9 ቀን ሰኞ ጠዋት፣ እዚሁ ቤታችን፣ ወንበሯ ላይ እንደተቀመጠች አረፈች። ታማለች አላልኩሽም፤ ደክማለች አላልኩሽም። እሷ ብትሆን የምትለውን ቃል ነው የጻፍኩልሽ። አልቅሺ። ስትጨርሺ ቀሪውን አንብቢ፤ እኔ የትም አልሄድም።

አራት ወር ለምን እንደዋሸሁሽ ልንገርሽ። ከቀብር በተመለስን በሦስተኛው ቀን የእድራችን ዳኛ አቶ በቀለ ሽማግሌዎቹን ይዘው መጡ።

"አቶ ተክሌ፣ ልጅቷ የመጨረሻ ፈተናዋ ደርሷል" አሉኝ። "አሁን ከሰማች ጥላ ትመጣለች። አንዴ ከገባች ደግሞ መውጫ ቪዛ ማን ይሰጣታል? የስድስት ዓመት ድካሟ ውሃ በላው ማለት ነው። እስክትጨርስ ዝም ነው የሚባለው።"

ሁሉም ራሱን ነቀነቀ፤ እኔም ነቀነቅኩ። ክፋት የለባቸውም። በኛ አገር መርዶ በወረቀት አይነገርም፤ ጎህ ሲቀድ ዘመድ ወዳጅ ተሰብስቦ ሄዶ ነው የሚያረዳው። ታሽከንት ድረስ ጎህ ሲቀድ ነጠላውን አዘቅዝቆ የሚሄድ ዘመድ ከየት ይምጣ?

ታዲያ ውሸቱ እንዳሰብኩት ቀላል አልሆነልኝም። አንቺ ሐኪም ሆነሻላ! ሌላው ሰው "እማዬ ደህና ናት ወይ?" ብሎ ይጠይቃል፣ ደህና ናት ይባላል፣ አለቀ። አንቺ ግን "እግሯ ያብጣል? ደረጃ ስትወጣ ታለከልካለች? በስንት ትራስ ነው የምትተኛው?" እያልሽ አንድ ገጽ ሙሉ ጥያቄ ትልኪልኛለሽ። ባቡር ጣቢያ ሲሠራ የኖረ ሰው ስለ ትራስ ምን ያውቃል? እውነቱን ልንገርሽ፤ በገና በአራት ትራስ ነበር፣ ከጥምቀት ወዲህ መተኛት አቅቷት ወንበር ላይ ነበር የምታድረው። እኔ ግን በሚያዝያው ደብዳቤ "በአንድ" ብዬ ጻፍኩልሽ። ትንሽ ቁጥር ደስ ይላታል ብዬ ነው።

ይኸው ያቺ አንድ ትራስ ጉድ አመጣችብኝ። በግንቦቱ ደብዳቤሽ "በአንድ ትራስ ከተኛችማ ልቧ ድኗል ማለት ነው። እንግዲያው ሐምሌ መግቢያ ላይ ፈርሜ ለልብ ሕክምናው ሁለት ዓመት እቀጥላለሁ። ካልተሻላት ግን እመጣለሁ፤ አባዬ፣ እውነቱን ንገረኝ" ብለሽ ጻፍሽ። አቶ በቀለ ይህን ሲሰሙ "በጣም ጥሩ፣ ትፈርም!" አሉ። እኔ ግን ደብዳቤሽን አንብቤ ስጨርስ ብዕሩን ማንሳት አቃተኝ። በሞተች እናትሽ ጤና ላይ ተማምነሽ ሁለት ዓመት ስትፈርሚ ዝም ብዬ ላይ ነው?

የዳሲቱ ደብዳቤ ለምን ቀረ ብለሽም ጠይቀሽ ነበር። ልጅሽ አልዋሽም ብላ ነው የተወችው። ወረቀትና እርሳስ ሰጥቼ "አያቴ ደህና ናት ብለሽ ጻፊ" ስላት፣ ዘጠኝ ዓመት ያልሞላት ልጅ ቀና ብላ አይታኝ "አንተው ጻፈው" ብላኝ ወጣች። ተናደድኩ፤ ወዲያው ደግሞ ደረቴ ተነፋ። እናትሽ ብዙወርቅ ያሳደገቻት መሆኗን ለማወቅ ሌላ ምስክር አያስፈልግም።

አሁን ስለ እናትሽ ልጻፍልሽ፤ የምታውቂውንም ጭምር፣ ምክንያቱም መጻፍ አምሮኛል።

በ1947 ጣቢያው ቴሌግራፍ ላይ ስሠራ የቀኝ እጄ ሌባ ጣት መግል ቋጠረ። ቴሌግራፍ የሚመታ ሰው ያለ ጣቱ ምን ይበላል? ወደ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ክሊኒክ ሮጥኩ። ነጭ ጋዋን የለበሰች ቀጭን ልጅ ምላጭ ታፈላለች። ስትበጣው ጮህኩ።

"ባቡር የሚያቆም ሰው ለመግል እንዲህ ይጮሃል?" አለችኝ።

"ባቡሩን የሚያቆመው ባንዲራው ነው፣ እኔ አይደለሁም" አልኳት።

ሳቀች። ቁስሉ በአራተኛው ቀን ድኖ ነበር፤ እኔ ግን ፋሻ ላስቀይር እያልኩ ሦስት ሳምንት ተመላለስኩ። በመጨረሻ "አቶ ተክሌ፣ ጣትህ ድኗል፤ ሌላ የሚያምህ ካለ ተናገር" አለችኝ። ተናገርኩ። በማግስቱም ሽማግሌ ላክሁ።

ሠላሳ ሁለት ዓመት በዚያ ክሊኒክ ሠራች። ከዚህ እስከ ቃሊቲ እናትሽ እትብቱን ያልቆረጠችለት ልጅ ብትፈልጊ ይቸግርሻል። ያን ክፉ ጊዜ ደግሞ አስታውሺ፤ አንቺ ዳሲቱን ይዘሽ አራስ ነበርሽ፣ ብዙውን ደብቀንሻል። የፈትል ክፍል ሠራተኛ የሆነች አንዲት ልጅ ትከሻዋን በጥይት ተመትታ ክሊኒክ ገባች። እናትሽ ጥይቱን አውጥታ መዝገቡ ላይ "በማሽን የተጎዳች" ብላ ጻፈች። ወዲያው አንድ የቀበሌ ጥበቃ ጠመንጃውን እንደያዘ መጣ። ስሙን አልጽፍም፤ ዛሬም ጎረቤታችን ነው።

"ቁስለኛ አለ ተብለናል" አላት።

"አዎ፣ ሃያ አራት አሉኝ" አለችው። "ወለሉን አሁን ነው በበረኪና ያጠብኩት። ጫማህንም ጠመንጃህንም በር ላይ ተውና ገብተህ አንድ በአንድ እይ።"

ሰውየው ጫማውን ያወልቅ፣ ጠመንጃውን ያስቀምጥ፣ ግራ ገባው። መዝገቡን አየት አድርጎ ሄደ። ማታ እሷው ነገረችኝ።

"አልዋሽም ትዪ የለም እንዴ?" ብላት፣ "የማልዋሸው ለቤተሰብ ነው፤ ጠመንጃ ለያዘ ሰው ቃል የገባሁለት ነገር የለም" አለችኝ። ልጅቷ ዛሬ የሦስት ልጆች እናት ናት። የጥበቃው ሚስትም በዚያው ዓመት ምጥ ጠንቶባት እናትሽ ናት ያገላገለቻት። አንድ ቀን እንኳ አንስታ አልወቀሰችውም። የካቲት 9 ሬሳዋን ከተሸከሙት አንዱ እሱ ነበር፤ ትከሻውን እንዲለውጡት ቢለምኑት እንቢ አለ።

በሷ የምኮራበት ትልቁ ነገር ግን ሌላ ነው። ፋብሪካ ውስጥ ሰው ሲሞት አለቆቹ ለቤተሰቡ መንገር ፈርተው እሷን ይልኩ ነበር። ጋዋኗን አውልቃ፣ ጠዋት በማለዳ ምግብ በሳህን ይዛ ትሄዳለች። መጀመሪያ ታበላቸዋለች። "ሰው ካረዱት በኋላ ቀኑን ሙሉ እህል አይቀምስም፤ እኔ ካላጎረስኩት ማን ያጎርሰዋል?" ትላለች። ከዚያ እጃቸውን ይዛ "ሞቷል" ትላለች፤ ይህንኑ ቃል። ሽማግሌዎቹ ጭካኔ ነው እያሉ ብዙ ጊዜ ተቆጥተዋታል። "ታሟል ብዬ ተስፋ ካስያዝኩ በኋላ ተመልሼ ተስፋውን ልንጠቅ? እሱ ነው ጭካኔ" ትላቸው ነበር። ባልሽ ሰቦቃ ኦጋዴን ሲወድቅ አንቺንም እንደዚያ ነው ያረዳችሽ፤ ቂንጬ አብልታ፣ ዳሲቱን ከእቅፍሽ ተቀብላ። ምሳሽን ለምን እንዳስቀደምኩ ገብቶሻል።

አያት መሆኗንማ ምን ብዬ ልጻፍልሽ! አንቺ ስትሄጂ ዳሲቱ ሦስት ዓመቷ ነበር። እናትሽ በየማታው ፎቶሽን እያሳየች "ይህቺ እናትሽ ናት፤ እኔ አያትሽ ነኝ፤ እንዳታደባልቂ" ትላት ነበር። ልጅቷ አንድ ቀን ተሳስታ "እማዬ" ብትላት፣ ደስ ብሏት እንኳ አረመቻት። ያንቺን ቦታ ስድስት ዓመት ሙሉ ሳትቀመጥበት ጠበቀችልሽ። ዳሲቱ ዛሬ የሰው ክንድ ይዛ የልብ ምት ትቆጥራለች፤ የኔን በየቀኑ እየቆጠረች ሰባ ሁለት ነው፣ ሰባ ስድስት ነው ትለኛለች። ሰዓት የላትም፤ ቁጥሩን ከየት እንደምታመጣው አላውቅም።

የቀብሯ ቀን የጠዋቱ ፈረቃ ሴቶች ልብስ ሳይለውጡ፣ ጥጥ በፀጉራቸው ላይ እንዳለ ነው የመጡት። ከሳሪስም የመጣ ሰው ነበር፣ ከቃሊቲም። መስጊድና ቤተ ክርስቲያን ሳይባል መንገዱ ሞላ። እድሩ ሁለት ድንኳን ተክሎ አልበቃም፤ ከጎረቤት እድር ሦስተኛ ተዋስን። እኔ እዚያ መሐል ቆሜ እያለቀስኩ "የኔ ሚስት ናት" እያልኩ ልቤ ሲያብጥ ይታወቀኝ ነበር።

ልጄ፣ አሁን የከበደኝ ላይ ደረስኩ።

ከማረፏ አሥራ አንድ ቀን በፊት ጠዋት እጄን ይዛ "ተክሌ፣ ጊዜዬ ደርሷል፤ አስቴርን ጥራልኝ" አለችኝ። እሷ ስለ ሰውነት ተሳስታ አታውቅም። ካፖርቴን ለብሼ ወጣሁ። ቴሌ ቢሮ ድረስ ሄድኩ። ሠላሳ ዓመት የሰውን ልደትና ሞት በቴሌግራፍ ሳስተላልፍ የኖርኩ ሰው ቅጹን ይዤ ቆምኩ። "እናትሽ ትፈልግሻለች" ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ ፈተናሽን አሰብኩ፤ ከገባሽ እንደማትወጪ አሰብኩ። ቅጹን አጥፌ ኪሴ ውስጥ ከተትኩትና ተመለስኩ።

"ሄደ?" አለችኝ።

"ሄደ" አልኳት።

"ጎሽ" አለችኝ። ከዚያ በኋላ አንድ ቀንም አላነሳችውም። ያመነችኝ መስሎኝ እፎይ ብዬ ነበር።

ባለፈው እሑድ ጎረቤታችን ኡምሀኒ መጣች። ታውቂያታለሽ፤ በመጨረሻው ጊዜ ቀን ቀን ከእናትሽ አጠገብ የማትለየው እሷ ነበረች።

"ጋሼ ተክሌ፣ የአስቴር ፈተና አለቀ አይደል?" አለችኝ።

"አልቋል" አልኳት።

"እንግዲያው የሲስተርን አደራ ልወጣ። ወላሂ አራት ወር እንቅልፍ ነስቶኛል" ብላ ተቀመጠች። እናትሽ ያለቻትን እንዳለ ነገረችኝ። "ተክሌ ቴሌግራሙን አልላከውም። አንድ ነገር ልኮ የመጣ ቀን እራት ላይ ቃሉን በጣቱ ጠረጴዛው ላይ ይመታዋል፤ ሠላሳ ዓመት እንዲሁ ነው። የዚያን ቀን ጣቱን አጣጥፎ ነው የበላው። ለልጄ ብሎ ነው፤ እንዳወቅሁበት እንዳትነግሪው፣ ይረፍ። አስቴር ፈተናዋን ትጨርስ። ጨርሳም ካልነገራት ግን ያኔ ንገሪው፤ ሲስተር አውቃ ነበር በይው።"

አየሽ አስቴር? ለአቃቂ ሰው ሁሉ እውነቱን እጁን ይዛ የነገረች ሴት፣ አሥራ አንድ ቀን ሙሉ እኔ እንዳላፍር ብላ ዝም አለች። በሩ በተንኳኳ ቁጥር ቀና ትል ነበር፤ እኔ አንቺን የምትጠብቅ መስሎኝ ፊቴን አዞር ነበር። እንደማትመጪ እያወቀች ነው ቀና የምትለው። ብትቆጪኝ ይገባኛል። ይቅር በይኝ ለማለትም ገና አልደፈርኩም።

ፈርሚም፣ አትፈርሚም አልልሽም። እናትሽ እንዲህ ብላለች ብዬም በእሷ አፍ አልናገርም፤ በሦስት ደብዳቤ ተናግሬያለሁ፣ ይበቃል። እውነቱ በእጅሽ ነው፤ እንደወሰንሽ እቀበላለሁ። እኔ ጤነኛ ነኝ፣ ዳሲቱም ጎበዝ ናት፣ ኡምሀኒም ጓዳችንን አልተለየችም።

ሌላ ወሬ የለኝም። በዚህ ሳምንት ያንቺን ክፍል ሰማያዊ ቀለም ቀባሁት። አልጋውንም የጠዋት ፀሐይ እንዲያገኘው ወደ መስኮቱ አዞርኩት። ይህ ግን ከውሳኔሽ ጋር ምንም አይገናኝም፤ ግድግዳው ቆሽሾ ነው።

የእናትሽ እጅ የዳሰሰው ሁሉ እንደተፈወሰ፣ ያንቺንም እጅ እግዚአብሔር ይባርከው። በሰው አገር ስታለቅሺ የሚያባብልሽ አይጣሽ። ዕድሜሽን ያርዝመው፤ እንደ እሷ ቀባሪሽ ሳይሆን፣ እኔ በእሷ እንደኮራሁ የሚኮራብሽ ይብዛልሽ።

አባትሽ
ተክሌ